የተማሪ ጣት ኮምፒውተር አይገድልም

ደሴ ላይ ለአይሲቲ መምህራን፣ ለላብ ባለሙያዎችና ለርዕሳነ መምህራን የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ እንደምን አደራችሁ። ጉሙ ሳይገፈፍ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ለመጣችሁ ደግሞ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

ተማሪዎቻችንን "ኮምፒውተር መጀመሪያ ያያችሁት እንዴት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ከሦስት መልሶች አንዱን ታገኛላችሁ። አንዱ "በመስኮት" ይላል፤ ላቡ ተቆልፎ፣ ዕቃው ጨርቅ ለብሶ፣ በሩ ላይ "መንካት ክልክል ነው" ተለጥፎ። ሌላው "በደብተር" ይላል፤ "ኮምፒውተር መረጃ ተቀብሎ፣ አቀናብሮ ውጤት የሚሰጥ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው" የምትለዋን ከሰሌዳ ገልብጦ፣ ኤኒያክ በ1946 ለሕዝብ እንደታየ፣ ወደ 18,000 የሚጠጉ ቱቦዎች እንደነበሩት በቃሉ ይዞ። ይህ ልጅ ማውስ ሲሰጡት ግን ገመዱን ወደ ራሱ አዙሮ ይይዘዋል። ሦስተኛው "ነካሁትና ኮረንቲ ያዘኝ" ይላል። የዛሬው ንግግሬ በአብዛኛው ስለዚህ ሦስተኛው ልጅና ስለዚያ ቁልፍ ነው።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ክፍሉ የተሰቀለውን ፕላዝማ የምታስታውሱ አላችሁ። ለብዙ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ ያየው የመጀመሪያው ስክሪን እሱ ነበር። በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፣ ቆም በልልኝ አይባልም፣ አይነካም። ስክሪን ማለት ከላይ የሚናገር፣ ከታች የሚደመጥ ነገር ነው የሚል ግንዛቤ ከዚያ ጊዜ የተረፈን ይመስለኛል። ኮምፒውተር ላብም ሲመጣ በዚያው ዓይን ታየ።

ለምን እንቆልፋለን? መልሱ ሞዴል 22 በሚባለው የንብረት ማውጫ ቅጽ ላይ አለ። ከንብረት ክፍል 20 ኮምፒውተር በስሙ ፈርሞ የወሰደ መምህር፣ አንዱ ቢሰበር ይጠየቃል። ተቆልፎ ሦስት ክረምት ከርሞ ሃያዎቹም አልነሳም ቢሉ ግን የሚጠይቀው የለም፤ "አርጅቷል" ይባላል፣ ያልፋል። ስለዚህ መቆለፉ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። ወረቀቱ እንዲህ እስከሆነ ድረስ አስተዋይ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው። ችግሩ የተቆለፈ ኮምፒውተር አይድንም። እንዲያውም ቶሎ ይሞታል። ይህንን በዕቃው ላሳያችሁ።

ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ ላይ፣ አሥር ሳንቲም የምታህል ክብ ባትሪ አለች፤ ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። ሥራዋ ኮምፒውተሩ ከኮረንቲ ሲነቀል ሰዓቱን ማስቆጠር ነው፤ በድሮዎቹ ማሽኖች የባዮሱን፣ ማለትም ማሽኑን የሚያስነሣውን ፕሮግራም፣ ቅንብርም የምትጠብቀው እሷ ናት። ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ከሆነ፣ ባይበራም እንኳ፣ ሰዓቱ ከፓወር ሰፕላዩ፣ ኮረንቲ ለማሽኑ ከሚያከፋፍለው ክፍል፣ ይመገባል፤ ባትሪዋ ታርፋለች። ሲነቀል ግን ሌሊትና ቀን እሷ ብቻ ትሠራለች። ነቅለን ስንቆልፍ የምንጨርሳት እሷን ነው። ከዚያ ሲከፈት ማሽኑ ኤፍ 1 ተጫን እያለ ይቆማል፣ ወይም ቀኑ ወደ ማምረቻ ዓመቱ ይመለሳል። ይሄኛውን ብዙ ሰው "ኢንተርኔቱ ተበላሸ" ብሎ ነው የሚያመጣው፤ ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር የድረ ገጾችን የደኅንነት ሰርተፊኬት አይቀበልምና ገጹ ሁሉ "ደኅንነቱ የተጠበቀ አይደለም" ይላል። መልቲሜትር አድርጉባት፤ ከ2.7 ቮልት በታች ካነበበ ቀይሯት። የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ይሁን።

መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ዩፒኤስም እንዲሁ ነው። ውስጡ ያለው 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሊድ ባትሪ ሳይሞላ ከተቀመጠ ውስጡ ይጠጥራል፤ በኋላ ብትሞሉትም አይቀበልም። ቢያንስ በየሦስት ወሩ ሙሉ ቀን ተሰክቶ መዋል አለበት። የፋን ቅባት ይደርቃል። የራም፣ የጊዜያዊ ማስታወሻው ካርድ፣ እግር በእርጥበት ይደክማል። እዚህ ደሴ፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ፣ በሐምሌና በነሐሴ የጦሳ ጉም ቤት ውስጥ ሲገባ የሲሚንቶ ወለል ያልበዋል። በፌስታል ወይም በላስቲክ የተሸፈነ ሲፒዩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ሣጥን፣ እርጥበቱን አፍኖ ያስቀራል። የሚሠራ ኮምፒውተር ግን ራሱን ያሞቃል፣ ራሱን ያደርቃል። በክረምት ዕረፍት በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት የሚያበራቸው ሰው መመደብ፣ ከማንኛውም ሽፋን ይበልጣል። ሽፋን ከፈለጋችሁ የአቡጀዲ ጨርቅ ይሁን፤ ያውም ማሽኑ ከጠፋና ከበረደ በኋላ ብቻ።

አሁን ወደ ኮረንቲው። ሰፋ አድርጌ የምናገረው እዚህ ላይ ነው፤ በእኛ አካባቢ ላብ የሚያጠፋው በአንደኛ ደረጃ እሱ ነውና።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አሮጌ ፔንቲየም 4 ከዚያ ወፍራም የድሮ ሞኒተር ጋር ወደ 200 ዋት ይወስዳል ብላችሁ ያዙ። ሃያ ሲሆኑ 4,000 ዋት ናቸው። በ220 ቮልት ስታካፍሉት 18 አምፔር ይመጣል። አንድ የተለመደ የሶኬት መስመር 16 አምፔር ብሬከር ነው ያለው። እንግዲህ በአንድ መስመር ላይ ኤክስቴንሽን በኤክስቴንሽን ቀጥለን ሃያውን ብናንጠለጥል፣ ብሬከሩ ይወርዳል። ብሬከሩ ሲወርድ ደግሞ የሚታየው መፍትሔ በትልቅ ብሬከር መለወጥ ሆኖ ያርፈዋል። ያን ጊዜ የሚግለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ትክክለኛው ሦስት መስመር መሳብ ነው፤ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ ለእያንዳንዱ 16 አምፔር ብሬከር፣ ሰባት፣ ሰባት፣ ስድስት ማሽን። ጠፍጣፋ ሞኒተርና አዲስ ሲፒዩ ካላችሁ ፍጆታው በግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ ያም ሆኖ መስመሩን ክፈሉት፣ ምክንያቱም አንዱ መስመር ሲበላሽ ክፍለ ጊዜው ሙሉ በሙሉ አይቀርም።

መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙዎቻችን እንጠብቃለን። አትጠብቁ። ሲጠፋ ወዲያው የላቡን ዋና ብሬከር አውርዱ። ጉዳቱ የሚደርሰው ሲጠፋ ሳይሆን ሲመጣ ነው፤ ሲመጣ ዘሎ ይመጣል፣ ተመልሶ ይሄዳል፣ እንደገና ይመጣል። ከመጣ በኋላ አምስት ደቂቃ ታግሣችሁ አንዱን ረድፍ፣ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን አንሡ። ሃያው በአንድ ጊዜ ሲነሣ የሚስበው ኮረንቲ በሥራ ላይ እያለ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ነው፤ የድሮ ሞኒተር ሲበራ "ድም" የሚለው ያንን ነው። ስታቢላይዘር ከገዛችሁ አቅሙን ከጠቅላላ ዋቱ አንድ ሩብ አስበልጡ። የፍሪጅ ስታቢላይዘር ላይ ስድስት ኮምፒውተር መደርደር ግን ስታቢላይዘሩንም መቅበር ነው።

ያ ኮረንቲ የያዘው ልጅ እውነቱን ነው። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ከመስመሩ ወደ ብረቱ አካል የተያያዙ ትንንሽ ማጣሪያ ካፓሲተሮች አሉ። የመሬት ሽቦ ካለ በእነሱ የሚያልፈው ጥቂት ኮረንቲ ወደ መሬት ይወርዳል። ከሌለ የሲፒዩው ብረት ላይ የመስመሩ ግማሽ፣ ማለትም 110 ቮልት ገደማ ይቀመጣል። መጠኑ ከሚሊ አምፔር በታች ስለሆነ በአብዛኛው አይጎዳም፤ ግን ይነዝራል። ባዶ እግሩን ወይም በረጠበ ጫማ ሲሚንቶ ላይ የቆመ ልጅ በደንብ ይሰማዋል። የልጁ ጣት ምንም አላጠፋም፤ የተሳሳተው ሽቦው ነው። ልጁ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምፒውተር የሚናደፍ ነገር ነው ብሎ ያድጋል፣ እኛም "አትንኩ ብለን ነበር" እንላለን።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። ባለ ሁለት እግር ኤክስቴንሽን። የኮምፒውተሩ ገመድ ባለ ሦስት መስመር ሆኖ ሳለ ኤክስቴንሽኑ ሁለት ብቻ ካለው፣ ሦስተኛው እዚያው ይሞታል። ሁሉንም ሦስት መስመር ባላቸው ለውጡ። ቀጥሎ ሕንፃው ራሱ የመሬት ዘንግ እንዳለው በኤሌክትሪሺያን አስፈትሹ፤ ከሌለ ከሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር የሚሆን መዳብ የለበሰ ዘንግ እርጥብ አፈር ውስጥ ያስተክሉ። የመሬቱን ሽቦ ከውኃ ቧንቧ ጋር ማሰር አይሆንም። ኮረንቲው ከሚመለስበት ሽቦ፣ ከኒውትራል ጋር ሶኬቱ ላይ ማገናኘት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ኒውትራሉ አንድ ቀን ቢበጠስ ብረቱ ሙሉ 220 ይሆናል።

እስከ ዛሬ ብዙ ማሽን የበላችውን ትንሽ ቀይ ማብሪያ ደግሞ ሳልናገር አልሄድም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ ደሴም ኮምቦልቻም ውስጥ ከትምህርት ቤቶች ብዙ ዕቃ እንደተዘረፈና እንደተሰባበረ ታውቃላችሁ። ከዚያ ወዲህ ያላችሁ ማሽን ከዚህም ከዚያም የተሰበሰበ ይሆናል። ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ኮምፒውተር በጀርባው፣ ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ፣ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ሊኖረው ይችላል። 115 ላይ እያለ እኛ ሶኬት ላይ ከተሰካ፣ ውስጡ ያለው ወረዳ ቮልቱን አጥፎ፣ በጥንድ 400 ቮልት ገደማ ለሚችሉ ካፓሲተሮች ከ600 በላይ ያቀርብላቸዋል። ጧ! ጭስ። የተቃጠለ ነገር ሽታ። ደግነቱ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ነው፤ ማዘርቦርዱና ዲስኩ ይተርፋሉ። ግን ሃምሳ ልጅ ፊት ከሆነ ያ ክፍል ለዓመት ማሽን አይቀርብም። ቀይ ማብሪያ ያለው ሁሉ 230 ላይ ይደረግ፣ ከዚያም በፕላስተር ይለጠፍበት።

ፓወር ሰፕላይ ሞተ አልሞተ ለማወቅ፦ ከሶኬት ንቀሉት፣ ከማዘርቦርዱ ሰፊውን መሰኪያ አውጡ፣ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በወረቀት ማያያዣ አገናኙ፣ ከዚያ ሰኩት። ፋኑ ከዞረ ነፍስ አለው። መልቲሜትሩን ከጥቁር ጋር ስትለኩ ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25 ካነበበ ጤነኛ ነው። ከዚያ ውጭ ከሆነ የምታዩት ማሽን "አንዳንዴ ይነሣል፣ አንዳንዴ አይነሣም" የሚባለው ነው። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን አትክፈቱ። የድሮውን ሞኒተር ደግሞ በፍጹም። ከተነቀለ በኋላም ቱቦው ላይ ከ20,000 ቮልት በላይ ሊቆይ ይችላል።

አቧራ። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለ ነው፣ ሞቃት ነው፣ መኪናና ፋብሪካ የሚበዛበት ነው፤ በየሦስት ወሩ ይጸዳ። ደሴ በየስድስት ወሩ ይበቃዋል። ሆኖም ደሴዎች "እኛ ብርዳሞች ነን" ብላችሁ አትዘናጉ። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ገደማ የሳሳ ነው፤ ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞር የሚገፋው አየር ያነሰ ነው። ብርዱ ያካክሰዋል፤ የማቀዝቀዣው ክፍተቶች በአቧራ ከተደፈኑ ግን አያካክሰውም።

አጸዳዱ እንዲህ ነው። ገመዱ ይነቀል፣ ማብሪያው አሥር ሰከንድ ተጭኖ ይያዝ፤ የተጠራቀመው ይወጣል። የጎኑ ክዳን ይከፈት። ሹራባችሁን አውልቁ፤ በበጋ ደረቅ ጠዋት ሱፍ ሲወልቅ የሚፈነጥቀው ብልጭታ አንድ ራም ለመግደል ይበቃል። ከመንካታችሁ በፊት የሣጥኑን ብረት ንኩ። ብሎወር ካላችሁ ከአንድ ስንዝር ርቀት ንፉ፣ ፋኑን ግን በእርሳስ ያዙት፤ በንፋስ በጣም ሲዞር ወይ ኩሽኔታው ይበላሻል ወይ ራሱ ኮረንቲ ያመነጫል። ብሎወር ከሌለ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይበቃል። ቀጥሎ ራሙን አውጡ። ማሽኑ ሲበራ "ቲት ቲት" እያለ ስክሪኑ ጥቁር የሚሆነው በአብዛኛው በራሙ እግር ቆሻሻ ነው። ወርቃማ እግሮቹን በነጭ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ፣ ፍርፋሪውን አራግፉ፣ መልሱ፤ ሁለቱም ጎን ቀጭ እስኪል። በብርጭቆ ወረቀት የሚጠርግ ሰው አለ፤ ወርቁን ነው የሚጠርገው።

ማሽኑ በርቶ ከአሥር ደቂቃ በኋላ በራሱ የሚጠፋ ከሆነ ሙቀት ነው። የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ይነሣ፣ በመሐላቸው ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ የደረቀው ፔስት፣ በአልኮል ይጠረግ፣ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት መሐሉ ላይ ይደረግ። ከምስር አይብለጥ፤ ሲበዛ ሙቀቱን ማስተላለፉ ቀርቶ ያግደዋል። በዚያው ዓይናችሁን በፕሮሰሰሩ ዙሪያ ወዳሉት ካፓሲተሮች ጣሉ፤ አናታቸው ካበጠ ወይም ቡናማ ነገር ካፈሰሱ፣ በ1990ዎቹ በእኛ አቆጣጠር የተሠሩ ብዙ ቦርዶች በሽታ እሱ ነው። የጀርባው ክፍት ቀዳዳ ደግሞ ይደፈን። አይጥ ይገባል። ማውስ ከውጭ፣ አይጥ ከውስጥ የሆነበት ሲፒዩ የምታውቁ እዚህ ትኖራላችሁ።

ማሽን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ለጥገና ስትወስዱ፣ በማለዳ ከሆነ፣ ደርሶ ወዲያው አይብራ። ቀዝቃዛ ብረት ሞቃት አየር ሲያገኝ ያልበዋል። ሁለት ሰዓት ያህል ክዳኑ ተከፍቶ ይቀመጥ።

እንግዲህ ላቡ በርቷል እንበል። ልጁ ገባ። ስድሳ ተማሪ፣ ሃያ ማሽን፣ 40 ደቂቃ።

ሦስት ለአንድ ማለት ነው። ዝም ብላችሁ ካስገባችኋቸው ጎበዙ ማውሱን ይይዛል፣ ሁለቱ አንገታቸውን ይሰግጋሉ፤ ሰሚስተሩ እንደዚያው ያልቃል። ከሁለቱ አንዷ ሁልጊዜ ሴት ልጅ መሆኗን ደግሞ ልብ በሉ። የሚሠራው አከፋፈል፦ አምስት ደቂቃ መግቢያ፣ አሥር፣ አሥር፣ አሥር፣ አምስት ደቂቃ መዝጊያ። እኛ ወሎዎች ነን፤ ስሙን አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሉት፣ ልጆቹ አይረሱትም። በአቦል አንዱ ማውሱን ይይዛል፣ ሁለተኛው ከወረቀቱ ትእዛዙን ያነባል፣ ሦስተኛው የሆነውን ይጽፋል። በቶና ይቀያየራሉ፣ በበረካም እንዲሁ። ግን እንደምታውቁት በረካ ቀጭን ነች። መብራት ቢጠፋ ወይም ደወል ቢቀድም የሚጎዳው ሦስተኛው ነውና፣ በረካ የደረሰው ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት አቦል ይጀምራል። ይህንን በቃል አትያዙት፤ ሰሌዳው ጎን ይለጠፍ።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ትርጉም የሚጻፍበት አይሁን። የኮምፒውተር ትውልዶች ይቆዩ፤ የትም አይሄዱም። የመጀመሪያው ቀን ሥራ ማብራትና ማጥፋት ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ጣት። ይህ ቀላል ይመስላል። ልጅ ግን ሞኒተሩን ነው ኮምፒውተር ብሎ የሚያስበው፤ ቴሌቪዥን አይቷልና። የሞኒተሩን ማብሪያ ተጭኖ ብርቱካናማ መብራት ሲያይ "በራ ግን አይሠራም" ይላል። ብርቱካናማው "ሥዕል የሚልክልኝ የለም" ማለት እንደሆነ፣ ሥዕሉ የሚመጣው ከታች ካለው ሣጥን በገመድ እንደሆነ ያሳዩት። ገመዱን ራሱ ነቅሎ ይይ፣ መልሶ ይሰካ። ሲያጠፋ ደግሞ ሞኒተሩን ብቻ አጥፍቶ ይሄዳል፣ ወይም ግድግዳው ላይ ይነቅላል። ከስታርት ገብቶ ሻት ዳውን ማለት ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ ዲስኩ እየጻፈ እያለ ቀለሙን ከቀማኸው ያልጨረሰው ገጽ ይበላሻል።

ማውሱ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ሲደርስ ልጁ እጁን ይዞ ይቀራል፤ "ቦታ አለቀ" ይላል። አንሥቶ ወደ መሐል መመለስ እንደሚቻል ማንም አልነገረውም፤ ለእኛ ግልጽ ስለሆነ አንናገረውም። ሁለቴ መጫን ደግሞ ጣቱን ያደናቅፈዋል፤ በሁለቱ መጫን መሐል እጁ ይንሸራተትና ፋይሉ ይጎተታል፣ ወይ ስሙ ሊቀየር ይከፈታል። ይህ የልጁ ድክመት አይደለም። ኮንትሮል ፓናል ውስጥ ማውስ የሚለው ጋ ገብታችሁ የሁለቴ መጫኑን ፍጥነት እስከ ዝቅተኛው ድረስ አውርዱለት። ከዚያ ሶሊቴር ይጫወት። አዎ፣ ካርታ። ርዕሳነ መምህራን እንዳትቆጡ፤ መያዝ፣ መጎተትና መልቀቅ ከሱ የተሻለ የሚያስተምር ነገር የለም። አሥር ደቂቃ ብቻ።

ሰዓቱ ያደናግራቸዋል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ክፍል የገባ ልጅ ስክሪኑ ጥግ 9 ይለዋል፤ ዓመቱ ደግሞ ከእኛ በ7 ወይም በ8 ይቀድማል። "መምህር፣ ሰዓቱ ተበላሽቷል" ካለ ትክክል አስተውሏልና አትሣቁበት። ስድስት ሰዓት መቀነስ ወይም መደመር አስተምሩት። እውነት ተበላሽቶ ከሆነ ደግሞ ቅድም ያልኳት ባትሪ ናት፤ ሁለቱን መለየት ከቻለ ልጁ የመጀመሪያውን የጥገና ምርመራ ሠራ ማለት ነው።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በአማርኛ ይጻፍበት። ብዙ ላብ ውስጥ ልጁ መጀመሪያ የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ፊደሉን ከኪቦርዱ ላይ እየፈለገ፣ ቃሉንም እየተጠራጠረ። ሁለት ሸክም። በአማርኛ ከሆነ ቢያንስ ቃሉን ያውቃል። በድምፅ በሚሠሩት የአጻጻፍ ዘዴዎች ደንቡ አንድ ነው፦ ተነባቢውን ብቻ ስትጫን ሳድስ ይወጣል፣ አናባቢውን ስታስከትል ይለወጣል። ከዚህ ከአገራችን ስም የተሻለ መለማመጃ የለም። "ደሴ" ግዕዝና ኃምስ ናት፤ ሁለቱም አናባቢ ይፈልጋሉ። "ወሎ" ግዕዝና ሳብዕ። "ኮምቦልቻ" ላይ ግን ም እና ል ሳድስ ናቸው፣ አንድ አንድ ቁልፍ ብቻ፤ ኮና ቦ ሳብዕ፣ ቻ ራብዕ። በሦስት ቃል አምስት የፊደል ቤት ነካ። የሆሄ ቤቶችን ስም የረሳ ልጅ እዚያው ያስታውሳቸዋል፤ የአማርኛ መምህሩ ይመርቃችኋል።

እንቅፋቱ ካፕስ ሎክ ነው። በእንግሊዝኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል ብቻ ይለዋውጣል፤ በአማርኛ ግን በአብዛኛው ሌላ ሆሄ ያመጣል። "ተማሪ" ብሎ የጻፈው "ጠማሪ" ይሆንበታል። ልጁ ኪቦርዱ ተበላሸ ይላል። መብራቱን አሳዩት።

ከዚሁ ጋር ለእናንተ አንድ ነገር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ የጋራ ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 በፈረንጆቹ፣ በሦስተኛው ስሪት ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ኒያላ የተባለውን ፊደልና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ የመጣው በቪስታ፣ በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የየራሳቸውን ሆሄ ያስቀምጡ ነበር። ስለዚህ በድሮ ፊደል የተጻፈ የፈተና ወረቀት በሌላ ማሽን ስትከፍቱ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይመጣል። አልጠፋም። "ቫይረስ በላው" ብላችሁ አትሰርዙት። የተጻፈበትን ፎንት ጫኑ፣ ይነበባል። አዲስ ስትጽፉ ግን በዩኒኮድ ብቻ።

ቫይረስን አጠር ላድርገው። በፍላሽ ይመጣል። ፋይሎቹ ሾርትከት ሆነው ከታዩ በአብዛኛው አሉ፣ ተደብቀዋል፤ ፎርማት አታድርጉ፣ በሲኤምዲ የአትሪብ ትእዛዝ መልሷቸው፣ ከዚያ አጽዱ። ላቡ ላይ ዲፕ ፍሪዝ የተባለውን ፕሮግራም የጫናችሁ ደግሞ፣ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ወደ ነበረበት ይመለሳልና የልጁ ሥራ አብሮ ይጠፋል። የዲስኩን ሁለተኛ ክፍል ከዚህ ነፃ አድርጋችሁ እዚያ ያስቀምጥ። መጀመሪያ የጻፈው ስሙ በማግሥቱ ጠፍቶ ያገኘ ልጅ፣ ኮምፒውተር የሚረሳ ነገር መስሎት ይቀራል።

የቀረው የሞቱት ጉዳይ ነው። ላባችሁ ጥግ ላይ የተከመሩት ስምንት ማሽኖች ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ሕያው ማሽን አለ። የአንዱ ራም፣ የሌላው ፓወር ሰፕላይ፣ የሦስተኛው ዲስክ። ራም ስትለዋወጡ ጉርዱን፣ በእግሮቹ መሐል የተቆረጠውን ክፍተት፣ እዩ፤ ዲዲአር 2 እና ዲዲአር 3 ሁለቱም 240 እግር አላቸው፣ ጉርዱ ግን በተለያየ ቦታ ነው። አልገባ ካለ አይደለም ማለት ነው፣ አትጫኑት። አንድ ወይም ሁለት ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ማሽን ላይ አዲስ ዊንዶውስ ከመጫን ቀለል ያለ ሊኑክስና ሊብረ ኦፊስ ይሻላል። ሳታ የሚባለው የዲስክ መሰኪያ ካለው ደግሞ 120 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ፣ ብታስገቡለት፣ አምስት ደቂቃ የሚያስጠብቀው ማሽን በግማሽ ደቂቃ ገደማ ይነሣል፤ ከ40 ደቂቃ ላይ አምስት ደቂቃ ምን ማለት እንደሆነ አሁን ሠርተነዋል።

እዚህ ላይ መዝገቡ ይመጣል። ማሽኑ በንብረት ክፍል እንደ ሙሉ ዕቃ ነው የተመዘገበው፤ ራሙን ስታወጡ "ጎደለ" ይባላል። ስለዚህ ከመንካታችሁ በፊት ርዕሰ መምህሩ፣ የንብረት ክፍሉና የላቡ መምህር የፈረሙበት ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ከየትኛው መለያ ቁጥር ምን ወጥቶ የት እንደገባ። የወጣበት ሣጥን ላይም ወረቀት ይለጠፍ። ርዕሳነ መምህራን ሆይ፣ ከእናንተ የምለምነው ይህችን ፊርማና አንዲት ደብተር ብቻ ነው፦ ቀን፣ የማሽን ቁጥር፣ የታየው ችግር፣ የተደረገው። ያቺ ደብተር አንድ ሰሚስተር ከሞላች በኋላ ስንቱ በኮረንቲ፣ ስንቱ በአቧራ፣ ስንቱ በተማሪ እንደተበላሸ ከራሳችሁ ላብ ታነባላችሁ። ያን ጊዜ ቁልፉን ማን ጋ እንደምታስቀምጡ እንነጋገራለን።

አሁን ሻዩን ጠጥተን ወደ ቀጣዩ ክፍል እንለፍ። ጠረጴዛው ላይ አምስት የማይነሱ ሲፒዩዎች፣ ሁለት መልቲሜትር፣ ላጲስ፣ ብሩሽና አንድ ጥቅል ባትሪ አለ። ሦስት ሦስት ሆናችሁ ተቀመጡ። ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አዙራችሁ እዩ፤ ሁለቱ ላይ ቀይ ማብሪያ አለ።